የዓድዋ መታሰቢያ፤ የአራዳ ቅዱስ ጊዮርጊስ ሕንፃ

ድል ያደረገ ሕዝብ ሁሉ ድሉን ለልጅ ልጅ የሚያሳይበት ምልክት ማቆም ይወዳል። አንዱ ሐውልት ያቆማል፤ ሌላው የድል በር ያንጻል፤ ሌላውም የወደቁትን ሰዎች ስም በእብነ በረድ ላይ ያስቀርጻል። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ግን ለዓድዋ ድል መታሰቢያ ይሆን ዘንድ በአራዳ ቤተ ክርስቲያን አሠሩ። ይህም ገነተ ጽጌ ቅዱስ ጊዮርጊስ የሚባለው ባለ ስምንት ማዕዘን ሕንፃ ነው። በአዲስ አበባ ከተማ መካከል ስለ ቆመ በየቀኑ እልፍ ሰው በአጠገቡ ያልፋል፤ ተሳላሚውም ከደጁ አይታጣም። ነገር ግን ስለ ምን በዚህ መልክ እንደ ታነጸ፣ ድንጋዩስ ምን እንደሚናገር የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ሕንፃ ማንበብ ለሚያውቅ ሰው እንደ መጽሐፍ ነውና፣ የዚህን ቤት ግድግዳ መመልከት የዓድዋን ነገር በሌላ ወገን መማር ነው።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. እሑድ ነበረ፤ ደግሞም የቅዱስ ጊዮርጊስ ወርኃዊ መታሰቢያ ቀን ነበረ። በዚያ ቀን ጄኔራል ባራቲየሪ 17 ሺህ ያህል ወታደርና 56 መድፍ ይዞ በሌሊት ገሥግሦ በዓድዋ ተራሮች መካከል ከኢትዮጵያ ሠራዊት ጋራ ተጋጠመ። ከንጉሠ ነገሥቱና ከእቴጌ ጣይቱ ጋራ ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ ዘምተው ነበር፤ የቅዱስ ጊዮርጊስም ታቦት ከሠራዊቱ ጋራ ወጥቶ ነበር። ፀሐይ ሳትጠልቅ የኢጣልያ ጦር ተፈታ፤ ጄኔራል አሪሞንዲና ጄኔራል ዳቦርሚዳ ሞቱ፤ ጄኔራል አልቤርቶኒም ተማረከ። ከኢትዮጵያም ወገን እንደ ፊታውራሪ ገበየሁ ያሉ ታላላቅ አርበኞችና ብዙ ሺህ ወታደሮች በዚያው ወደቁ። ቀኑ የሰማዕቱ ቀን ስለ ሆነ፣ ታቦቱም በሰፈር ስለ ነበረ፣ ሕዝቡ ድሉን ከቅዱስ ጊዮርጊስ ስም ለይቶ ማሰብ አልቻለም። ሠዓሊዎችም ከዚያ በኋላ ዓድዋን በሣሉ ቁጥር ከሠራዊቱ በላይ ሰማዕቱን በነጭ ፈረስ ላይ ተቀምጦ ሳይሥሉ አልቀሩም። ስለዚህ የመታሰቢያው ቤት በስሙ መታነጹ የሚያስደንቅ አይደለም።

የዚህን አሳብ ልዩነት ለመረዳት በሮማ ከተማ ያለውን ሌላ መታሰቢያ ማስተያየት ይጠቅማል። ራስ አሉላ በጥር 1879 ዓ.ም. በዶጋሊ አምስት መቶ ያህል የኢጣልያ ወታደሮችን በደመሰሱ ጊዜ፣ የኢጣልያ መንግሥት ከጥንት የግብፅ ሐውልቶች አንዱን አቁሞ ከሥሩ የሞቱትን ሰዎች ስም አስጻፈ። በሮማ የባቡር ጣቢያ ፊት ያለውም አደባባይ በእነርሱ ቍጥር «የአምስት መቶዎች አደባባይ» ተባለ። ያ መታሰቢያ የሚነበብ ነው፤ መንገደኛ ስሙን አንብቦ ያልፋል። የአራዳው መታሰቢያ ግን የሚገባበት ነው። በግድግዳው ላይ የወደቁት ሰዎች ስም በዝርዝር አልተጻፈም፤ ነገር ግን ወር በገባ በ23 ቀን የሰማዕቱ በዓል ሲከበር፣ ካህናቱ ሲቀድሱና ለሙታን ጸሎት ሲያደርጉ፣ የድሉ ቀን በዓመት አሥራ ሁለት ጊዜ ይመለሳል። የሮማው መታሰቢያ ትዝታውን ለድንጋይ ሰጠ፤ የአራዳው ደግሞ ለሥርዓት ሰጠ። ስለዚህም የዚህ ሕንፃ ቅርጽ የሚገባን የሥርዓቱን ቦታ ስናውቅ ነው።

የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን በደጋው አገር ብዙውን ጊዜ ክብ ነው። ውስጡ ግን በሦስት ክፍል ይለያል። በስተ ውጭ ያለው ቅኔ ማኅሌት ነው፤ በዚያ ደብተሮች በመቋሚያ፣ በጸናጽልና በከበሮ ይዘምራሉ። ሁለተኛው ቅድስት ነው፤ በዚያ ምእመናን ይቈርባሉ። በመካከል ያለው መቅደስ ነው፤ በእርሱ ታቦቱ ይኖራል፤ ከካህናትና ከዲያቆናትም በቀር ሌላው አይገባበትም። አንዱ ክፍል ሌላውን እንደ ቀለበት ይከባል፤ የሚገባውም ሰው ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ከብርሃን ወደ ጥላ፣ ከዝማሬ ወደ ምሥጢር እየቀረበ ይሄዳል። የዚህ ዓይነቱ ቤት ግድግዳ ብዙ ጊዜ እንጨትና ጭቃ፣ ክዳኑም ሣር ነበረ። ውበቱ ከውጭ ሳይሆን ከውስጥ፣ ይኸውም በመቅደሱ ግድግዳ ላይ በተለጠፉት ሥዕሎች ነበረ።

ዳግማዊ ምኒልክ መናገሻቸውን በእንጦጦ ተራራ ባደረጉ ጊዜ ይህ ቅርጽ ትንሽ ተለወጠ። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው የነገሡባት እንጦጦ ማርያም ባለ ስምንት ማዕዘን ናት፤ እንጦጦ ራጉኤልም እንዲሁ ባለ ስምንት ማዕዘን ነው። ይህ ለውጥ ለዓይን ያህል ብቻ የተደረገ አይመስልም። ክብ ግድግዳ በዋልታና በማገር ለሚሠራ ሰው ቀላል ነው፤ እንጨቱ ይጎብጣል፤ ጭቃውም የተሰጠውን መልክ ይይዛል። ቀጥ ያለ ሳንቃ፣ ጥርብ ድንጋይና የቆርቆሮ ክዳን ግን መጉበጥን አይወዱም። ክብ ግድግዳ በጥርብ ድንጋይ ለመሥራት እያንዳንዱ ድንጋይ በቀስት መልክ መጠረብ አለበት፤ ክብ ጣራንም በቆርቆሮ መክደን ብዙ ቅዳጅ ያስወጣል። ክቡ በስምንት ቀጥ ያሉ ግድግዳዎች ሲከፈል ግን ግንበኛው በገመድና በቱንቢ ቀጥ አድርጎ ይገነባል፤ ጣራውም ስምንት ወርድ ሆኖ ወደ ጉልላቱ ይወጣል። ስለዚህ ስምንቱ ማዕዘን የድሮውን ክብ አልሻረውም፤ ለአዲሱ ዕቃ እንዲስማማ አደረገው እንጂ። የውስጡም ሥርዓት፣ ማለት ቅኔ ማኅሌቱና ቅድስቱ መቅደሱን መክበባቸው፣ እንደ ነበረ ቀረ።

የአራዳው ቅዱስ ጊዮርጊስ ይህን የእንጦጦ ቅርጽ ይዞ ወደ ድንጋይ አሻገረው። የዛሬው ሕንፃ የተሠራው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1905 እስከ 1911 ባለው ጊዜ፣ ይኸውም በኢትዮጵያ አቈጣጠር በ1890ዎቹ መጨረሻ ተጀምሮ በ1900ዎቹ መጀመሪያ ነው። በሥራው ላይ የሁለት የውጭ አገር ሰዎች ስም ይነሣል፤ አንዱ ኢጣልያዊው መሐንዲስ ሴባስትያኖ ካስታኛ፣ ሁለተኛው ግሪካዊው ኦርፋኒዴስ ናቸው። እነርሱም ለስምንቱ ግድግዳ የአውሮፓን የጥንት አሠራር ልብስ አለበሱት። ያ አሠራር ከግሪክና ከሮማ የወረሰ ነው፤ ዓምዱን በልኩ ያቆማል፤ ክፈፉን በግድግዳው ራስ ላይ ያዞራል፤ ሁሉንም ነገር በመጠንና በትክክል ያስተያያል። በአውሮፓ ነገሥታት ድላቸውንና ክብራቸውን ለማሳየት የሚመርጡት አሠራር ይህ ነበረ።

እንግዲህ በዚህ ቤት ሁለት ነገር ተገናኝቷል። ከውጭ የሚያየው ሰው የአውሮፓን ግርማ ያያል፤ ወደ ውስጥ የገባው ሰው ግን በአባቶቹ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ራሱን ያገኛል። በአውሮፓ የሚገኙ ብዙ ታላላቅ አብያተ ክርስቲያናት ረጅም አዳራሽ ሆነው ምእመኑን በአንድ ፊት ወደ መንበሩ ያስመለክቱታል። በአራዳ ግን ይህ አልተደረገም። የውጭው ዓምድ ተወሰደ፤ የውጭው አዳራሽ ግን አልተወሰደም። በዓድዋ የተዋጋው መንግሥት ጠባይ እንዲሁ ነበረ። የውጭ አገር ጠመንጃ ገዛ፣ በውጭ አገር መድፍ ተኰሰ፣ ስልክና ባቡር አስገባ፤ ነገር ግን በውጫሌ ውል በ17ኛው ክፍል እንደ ተፈለገው ሌላው ስለ እርሱ እንዲናገርለት አልፈቀደም። መቀበልና መገዛት ልዩ ልዩ ነገር መሆናቸውን የጦር ሜዳው በደም አስረዳ፤ ይህ ሕንፃ ደግሞ በድንጋይ አስረዳ።

ሥራውም ቀላል አልነበረም። የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደርሶ ነበር፤ አዲስ አበባ የደረሰው ግን በ1909 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ሕንፃው በሚሠራበት ዘመን ከባሕር ማዶ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ከድሬዳዋ ወዲህ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ ብዙ ቀን ይጓዝ ነበር። መስተዋትና ብረት በዚህ መንገድ ሊመጣ ይችላል፤ የአንድን ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ግን በበቅሎ ጀርባ ማምጣት አይቻልም። ድንጋዩ ከአገሩ መሬት መውጣት፣ በአገሩ ሰው ትከሻ መነሣት ነበረበት። በዚያን ጊዜ በአዲስ አበባ ሕንዳውያን፣ አርመናውያንና ግሪካውያን የእጅ ባለሙያዎች ነበሩ፤ ኢትዮጵያዊው ሠራተኛም ከእነርሱ ጋራ ሲጠርብና ሲገነባ የድንጋይን ሥራ ለመደ። የመሐንዲሶቹ ስም ተጽፎ ሲቀር የጠራቢዎቹና የተሸካሚዎቹ ስም አልተጻፈም፤ እጃቸው ግን በግድግዳው ላይ አለ።

በዚህ ነገር ላይ በሕዝብ ዘንድ የሚነገር አንድ ወሬ አለ፤ ይኸውም «ቅዱስ ጊዮርጊስን የሠሩት የዓድዋ ምርኮኞች ናቸው» የሚል ነው። ወሬው ደስ የሚያሰኝ ቢመስልም ዘመኑን ላስተያየ ሰው እንዳለ የሚቀበሉት አይደለም። በዓድዋ ከተማረኩት ኢጣልያውያን አብዛኞቹ፣ በጥቅምት 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሰላም ውል ከተፈረመ በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። የሕንፃው ሥራ ግን የተጀመረው ከዚያ ስምንት ዓመት ያህል ቈይቶ ነው። እውነቱ ይህ ነው፤ ካስታኛ በዓድዋ ዘመቻ ከመጡትና ከተማረኩት አንዱ ሲሆን፣ ሌሎቹ ሲመለሱ እርሱ በኢትዮጵያ ቀርቶ በሙያው አገለገለ። ይህም እውነት ከወሬው ይልቅ ለኢትዮጵያ ክብር ይበልጣል። ድል የሆነውን ሰው በእግር ብረት አስሮ የድልን ቤት ማሠራት የጥንት ነገሥታት ሁሉ ልማድ ነበረ። ትናንት ጠላት ሆኖ የመጣውን ሰው በነጻነት አኑሮ፣ ዕውቀቱን አክብሮ የድሉን መታሰቢያ እንዲያንጽ አደራ መስጠት ግን ከጥቂቶች በቀር የሚችለው የለም። የታሪክ ጸሓፊ ወሬውን ትቶ እውነቱን ቢይዝ ምንም አይጎድልበትም።

ሕንፃው በተፈጸመ ጊዜ ያሠሩት ንጉሠ ነገሥት በሕመም አልጋ ላይ ነበሩ፤ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። ቤቱ ግን የመንግሥት ታሪክ የሚፈጸምበት ስፍራ ሆነ። የካቲት 4 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጃቸው ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ በዚሁ በአቡነ ማቴዎስ እጅ ዘውድ ጫኑ። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ደግሞ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሌሊቱን በቤተ ክርስቲያኑ በጸሎት አድረው በአቡነ ቄርሎስ እጅ ነገሡ። ለዚህም ሥራ የተመረጠው ቀን 23ኛው፣ የሰማዕቱ ቀን መሆኑን አንባቢ ያስተውል።

ነገር ግን በዚህ የ1923ቱ በዓል የሕንፃው ጠባይ ከዘመኑ ፍላጎት ጋራ ተጋጨ። ከብዙ አገር የመጡ መልእክተኞች ሥርዓቱን ተቀምጠው ሊያዩ ይገባቸው ነበር። መቅደሱ በመካከል ቆሞ ቅኔ ማኅሌቱ በዙሪያው እንደ ቀለበት በሚዞርበት ቤት ግን፣ በአንድ ወገን ያለው ሰው በሌላው ወገን የሚደረገውን አያይም፤ አንድ ሺህ ሰው በአንድ ፊት የሚቀመጥበትም ስፍራ የለም። ስለዚህ ከቤተ ክርስቲያኑ ጋራ የተያያዘ ሰፊ የድንኳን አዳራሽ ተሠርቶ፣ እንግዶቹ በዚያ ተቀምጠው የንግሡን ሥርዓት ተመለከቱ። ይህ የሕንፃው ነውር አይደለም። ያሠሩት ሰው ቤቱን ለትርኢት አላሰቡትም፤ ለቅዳሴ አሰቡት እንጂ። ከዚህ በኋላ የተሠራችው መንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ግን ስምንት ማዕዘኑን ትታ ረጅም አዳራሽ ሆና ታነጸች፤ በእርሷም ብዙ ሰው በአንድ ፊት ወደ መቅደሱ ይመለከታል። በሁለቱ ቤቶች መካከል ያለው ርቀት በእግር ጥቂት ነው፤ በአሳብ ግን የአንድ ዘመን መንገድ ነው።

በዚያው በ1923 ዓ.ም. የንግሡ በዓል ዋዜማ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ፊት ባለው አደባባይ የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት በፈረስ ላይ ተቀምጦ ተመረቀ። ሐውልቱና ሕንፃው ከዚያ ወዲህ እርስ በርሳቸው የሚተረጓጐሙ ሆኑ፤ አንዱ ድል ያደረገውን ንጉሥ ያሳያል፤ ሁለተኛው ንጉሡ ድሉን ለማን እንደ ሰጠ ይናገራል።

ከዓድዋ 40 ዓመት በኋላ ኢጣልያ በመርዝ ጋዝና በአውሮፕላን ተመልሳ መጣች። ከሁሉ አስቀድሞ የፋሺስት መንግሥት ጥል ከመታሰቢያዎች ጋራ ነበረ። የምኒልክ ሐውልት ከአደባባዩ ተነቅሎ ተሰወረ፤ የአክሱም ሐውልት ወደ ሮማ ተጋዘ፤ ከአገሩ ርቆ ቈይቶም የተመለሰው በ1997 ዓ.ም. ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ሞገስ አስገዶምና አብርሃ ደቦጭ በማርሻል ግራዚያኒ ላይ ቦምብ በጣሉ ጊዜ፣ የአዲስ አበባ ሕዝብ ሦስት ቀን ተጨፈጨፈ። የኢትዮጵያ መንግሥት የሟቾቹን ቍጥር 30 ሺህ ብሎ ቈጥሯል። በእነዚያ ቀኖች ቤት ከነሰዎቹ ሲቃጠል፣ የአራዳው ቅዱስ ጊዮርጊስም እሳት ተለኰሰበት።

ይህ እሳት በድንገት የደረሰ አይደለም። አቃጣዮቹ ቤቱ ምን እንደ ሆነ ያውቁ ነበር፤ በ1888 ዓ.ም. የተቀበሉትን ሽንፈት በየወሩ በ23 ቀን የሚያስታውስ ቤት ነበረና። ሕንፃው እንደ ጥንቱ እንጨትና ሣር ቢሆን ኖሮ በአንድ ሌሊት አመድ በሆነ፣ መታሰቢያውም ከምድር በጠፋ ነበር። ነገር ግን ስምንቱ የድንጋይ ግድግዳዎች ቆሙ። ምኒልክ ከጭቃ ወደ ድንጋይ መሻገርን በመረጡ ጊዜ ለክብርና ለጽናት አስበው ይሆናል፤ ያ ምርጫ ግን በ1929 ዓ.ም. ከጥፋት አዳነው። በዓድዋ ድል ከተሆነው ጦር ወገን የመጣ መሐንዲስ ያነጸውን ግድግዳ፣ ያንኑ ድል ሊበቀል የመጣው የገዛ አገሩ ሠራዊት ሊያፈርሰው አልቻለም። ከዚህ የሚበልጥ የታሪክ ፍርድ ለማግኘት ያስቸግራል።

በ1933 ዓ.ም. አገሪቱ ነጻ በወጣች ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ ቤቱን አሳደሱት፤ የምኒልክም ሐውልት ወደ ስፍራው ተመለሰ። ከዚያም በኋላ ሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ በልዩ ልዩ ቀለም መስተዋትና በሥዕል ሥራ አስጌጠው። በጥንቱ ቤተ ክርስቲያን ብርሃን በጠባብ መስኮት ገብቶ በጥላው ውስጥ ይጠፋ ነበር፤ በዚህ ቤት ግን የፀሐይ ብርሃን ቀለም ለብሶ ይገባል። ስለዚህ የዛሬው ሕንፃ በአንድ ዘመን የተሠራ አይደለም። ቅርጹን ከእንጦጦ አገኘ፤ ልብሱን ከአውሮፓ ተዋሰ፤ ጠባሳውን ከፋሺስት ተቀበለ፤ ጌጡን ከኢትዮጵያዊ ሠዓሊ እጅ ተሸለመ። በቅጽሩ ውስጥ ባለው ቤተ መዘክር የነገሥታት ዙፋንና አልባሳት፣ በጦርነት የተያዙ ጎራዴዎችና ከአንበሳ ጎፈር የተሠሩ የራስ ጌጦች ተጠብቀዋል። በየካቲት 2016 ዓ.ም. ደግሞ በዚያው በአራዳ አቅራቢያ ታላቅ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም ተመርቋል፤ ስለዚህ አሮጌውና አዲሱ መታሰቢያ ጎረቤት ሆነዋል።

አዲሱ ቤት የጐደለውን ይሞላል፤ ስምን፣ ሥዕልን፣ የጦሩን አካሄድ ለሚማር ትውልድ ያሳያል። አሮጌው ግን ሌላ ነገር ያስተምራል። ድል ያደረገ ሰው በድሉ እንዳይታበይ ምስጋናውን ለሌላ መስጠት እንደሚገባው፣ ከባዕድ ዕውቀት መማር ባርነት እንዳይደለ፣ ጠላትም በታረቀ ጊዜ ወዳጅና ባለሙያ ሊሆን እንደሚችል ይናገራል። ይህን ትምህርት ድንጋዩ ብቻውን ሊያስተላልፈው አይችልም፤ በእሳት ያልፈረሰ ግድግዳ በዝንጋታ ሊፈርስ ይችላልና። የሚሰነጠቀውን መጠገን፣ የሚፈሰውን ጣራ መክደን የአናጢና የግንበኛ ሥራ ነው። የቤቱን እውነተኛ ታሪክ ከወሬ ለይቶ ለልጅ መንገር ግን በደጁ የሚያልፍ ሰው ሁሉ ዕዳ ነው። አባቶች በዓድዋ የወደቁት ስማቸው በድንጋይ ይጻፍልን ብለው አይደለም፤ ልጆቻቸው በገዛ ቤታቸው ደጃፍ አንገታቸውን ቀና አድርገው እንዲገቡ ነው። ያ ቤት እስከ ዛሬ ድረስ በአራዳ ቆሟል፤ ደጁም ክፍት ነው።